በብር ሳንቲም ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘንና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ድርሻ

በ1970 ዓ.ም በኢትዮጵያ ስም ተመትተው ለሰብሳቢዎች ከቀረቡት ሳንቲሞች መካከል ባለ 25 ብሩ ከብር ማዕድን የተሠራ ሲሆን፣ በአንደኛው ገጹ ላይ የደጋ አጋዘን ምስል ተቀርጾበታል። ሳንቲሙ ለዕለት ግብይት የታሰበ አልነበረም። አገሪቱ ከድንበሯ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ እንስሳ ባለቤት መሆኗንና ጥበቃውንም እንደ ኃላፊነት መቀበሏን ለዓለም የሚያስታውቅ መለያ ነበር።

ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላም ሳንቲሙ በሰብሳቢዎች እጅ ተጠብቆ ይገኛል። ምስሉ የተወሰደለት እንስሳ ግን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ተርታ ተመድቧል። በዱር የቀረው ቁጥርም ከጥቂት ሺህ እንደማይበልጥ ይገመታል።

ብዙዎች ጉዳዩን ለፓርክ ጠባቂዎችና ለዱር እንስሳት ተመራማሪዎች ብቻ የተተወ አድርገው ይመለከቱታል። ሆኖም የደጋ አጋዘን የሚኖርባቸው የአርሲና የባሌ ተራሮች ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ መስመር ለሚገኙ ከተሞች የውሃና የምርት መነሻ ናቸው። በመሆኑም በሳንቲሙ ላይ የተገባው ቃል ይከበራል ወይስ አይከበርም የሚለው ጥያቄ በእነዚሁ ከተሞች በሚገኙ የመሬት፣ የውሃ፣ የግብርናና የፕላን መሥሪያ ቤቶች የዕለት ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከጠገራ ብር እስከ አጋዘኑ

በአማርኛ የገንዘቡና የማዕድኑ መጠሪያ አንድ መሆኑ ብር በአገሪቱ የንግድና የአስተዳደር ታሪክ ውስጥ የነበረውን ስፍራ ያመለክታል። ለረጅም ዘመን በገበያ ላይ የዋለው ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትና የተመታበት ጊዜ የቱንም ያህል ቢለያይ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የሚቀረጽበት የውጭ ገንዘብ ነበር። ግብር የሚገባው፣ ጥሎሽ የሚቆጠረው፣ የአንገትና የእጅ ጌጥ የሚሠራው በአመዛኙ በእርሱ ነበር።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ 1887 ዓ.ም የሚል ዘመን የተቀረጸበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ ሲያስመቱ፣ በአንድ ገጹ ላይ የእርሳቸው ምስል፣ በሌላው ገጹ ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋ አንበሳ እንዲቀረጽ አድርገዋል። ዓላማው ግብይትን ማቀላጠፍ ብቻ አልነበረም። ራሷን ችላ የቆመች አገር የራሷ ገንዘብና የራሷ መለያ ያላት መሆኗን ማሳየትም ነበር። ይሁንና ሕዝቡ ጠገራውን የለመደ በመሆኑ አዲሱ ብር በአንድ ጊዜ ቦታውን ሊተካ አልቻለም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሐምሌ 1937 ዓ.ም ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብም ባለ 50 ሳንቲሙ ከብር የተሠራ ነበር። በ1964 ዓ.ም ለሰብሳቢዎች በተመቱት የብር ሳንቲሞች ላይ ደግሞ የነገሥታት ምስል ተቀርጿል። እስከዚያን ጊዜ ድረስ በኢትዮጵያ የብር ሳንቲሞች ላይ ጎልተው የወጡት ዘውድና አንበሳ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ 1969 ዓ.ም የሚል ዘመን ይዘው የወጡት የመገበያያ ሳንቲሞች ይህንን ሥርዓት ቀይረዋል። ዘውዱ ሲነሳ የአንበሳው ራስ በአንደኛው ገጽ ላይ ቀርቷል። በሌላው ገጽ ላይ በ1 ሳንቲም በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በ10 ሳንቲም ደግሞ የደጋ አጋዘን ተቀርጸዋል። በዚህም እንስሳው የመላው ሕዝብ የእጅ ገንዘብ መለያ ለመሆን በቅቷል።

በቀጣዩ ዓመት የወጡት የብርና የወርቅ ሳንቲሞች የተመቱት የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድና ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በርካታ አገሮችን አሳትፈው ባካሄዱት የተፈጥሮ ጥበቃ ሳንቲሞች ፕሮግራም አማካይነት ነው። ኢትዮጵያ በፕሮግራሙ በሦስት ሳንቲሞች ተሳትፋለች። ከብር በተሠራው ባለ 10 ብር ጢማሙ ጥንብ አንሳ አሞራ፣ ከብር በተሠራው ባለ 25 ብር የደጋ አጋዘን፣ ከወርቅ በተሠራው ባለ 600 ብር ደግሞ ዋልያ ተቀርጸዋል።

የዚህ ዓይነት ሳንቲም አሠራር ከመገበያያው ይለያል። ለሰብሳቢ የሚመታው ሳንቲም ቅርጽ ማውጫው ተወልውሎ፣ በጥንቃቄና ከአንድ ጊዜ በላይ ተጨምቆ ስለሚሠራ ሜዳው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ምስሉም ጎልቶ ይወጣል። ብዛቱ የተወሰነ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ዋጋ ሕጋዊ ቢሆንም ገዢው የሚከፍለው ለማዕድኑ፣ ለጥራቱና በቀላሉ የማይገኝ ለመሆኑ ነው። በወቅቱ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ይመነዘር ስለነበር በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው 25 ብር 12 ዶላር ያህል ነበር።

የፕሮግራሙ መሠረታዊ ሐሳብ ከሽያጩ ከሚገኘው ገቢ ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ድጋፍ ማስገኘት ነበር። ሆኖም የሰብሳቢ ሳንቲም ለአውጪው አገር ገቢ የሚያስገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በውጭ አገር ጨረታዎች ዋጋው ቢያሻቅብ ትርፉ የሻጩ እንጂ የአገሪቱ አይሆንም። እንስሳው በሕይወት ሲኖር የሚያስገኘው ጥቅም ግን የሚቀጥል ነው። የሳንቲሙንና የእንስሳውን ዋጋ ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ከደምበል ሐይቅ በላይ የተገኘ እንስሳ

የደጋ አጋዘን በተለምዶ ኒያላ በመባልም ይታወቃል። ለሳይንሱ ዓለም ከተዋወቁት ትላልቅ የአፍሪካ የአጋዘን ዝርያዎች መካከል የመጨረሻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ከደምበል (ዝዋይ) ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኙት የአርሲ ተራሮች አድኖ የወሰደውን ናሙና መነሻ በማድረግ ሪቻርድ ላይደከር የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ በ1910 ዝርያውን መዝግቦታል። ሳይንሳዊ ስያሜውም የአዳኙን ስም የያዘ ነው።

ለአርሲና ለባሌ ሕዝብ ግን እንስሳው አዲስ አልነበረም። በመዝገብ የመጀመሪያ የተባለው ስፍራ ዛሬ ከባቱ ከተማ ማዶ በዓይን ከሚታዩት ተራሮች ወገን መሆኑ፣ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከዚህ ብሔራዊ መለያ ጋር ያላቸው ግንኙነት ምን ያህል የቀረበ እንደሆነ ያሳያል።

ወንዱ ጠምዘዝ ያለ ትልቅ ቀንድ ያለው ሲሆን፣ ክብደቱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። ሴቷ ቀንድ የላትም። በአንድ ጊዜ የምትወልደውም አንድ ግልገል ብቻ ነው። ይህም ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከተመናመነ መልሶ ለማንሰራራት ረጅም ዓመታት የሚወስድበት መሆኑን ያመለክታል። በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባሉ ደኖች፣ የአስታ ቁጥቋጦዎችና የውርጭ ሜዳዎች ነው።

ይዞታው ከአርሲ ተራሮች አንስቶ እስከ ባሌ ይዘልቃል። በምዕራብ ሐረርጌም የኩኒ ሙክታር መጠለያ ለእርሱ ተብሎ የተከለለ ነው። በስምጥ ሸለቆው ወገን ደግሞ ከአርሲ ነገሌና ከሻሸመኔ በላይ የሚገኘው የሙኔሳ ደን ይኖርበታል። ከሻሸመኔ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የሰንቀሌ መጠለያም ለሌላው ብርቅዬ እንስሳ ለቆርኬ የተከለለ ነው። አካባቢው በጥቂት ሰዓታት መንገድ ውስጥ ይህን ያህል ብርቅዬ ሀብት የያዘ መሆኑ ለቱሪዝም ዕቅድ አውጪዎች ትርጉም ያለው ነው።

ከ1983 ዓ.ም የተገኘው ትምህርት

ሌስሊ ብራውን የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በአርሲና በባሌ ተራሮች ስለ ደጋ አጋዘን ባካሄደው ጥናት የባሌ ተራሮች እንዲጠበቁ ሐሳብ አቅርቧል። ከዚያም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተቋቁሞ፣ በዲንሾ አቅራቢያ የሚገኘው የጋይሳይ ሜዳ የአጋዘኑ ዋነኛ መናኸሪያ ለመሆን ችሏል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአካባቢው ቁጥሩ በከፍተኛ ደረጃ ጨምሮ ነበር።

በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በተደረገበት ወቅት የተፈጠረው ክፍተት ይህንን ውጤት በአጭር ጊዜ ውስጥ ቀልብሶታል። በፓርኩ ውስጥ የሚገኙ መጠበቂያዎች ሲወድሙና ሕገ ወጥ አደን ሲስፋፋ በጋይሳይ የነበረው የአጋዘን ቁጥር እጅግ አሽቆልቁሏል። ያገገመውም ዘግይቶና አካባቢው መልሶ ጥበቃ ካገኘ በኋላ ነው።

የዚህ ክስተት ምክንያት የመሣሪያ መብዛት ብቻ አልነበረም። ፓርኩ በአካባቢው ነዋሪ ዘንድ ግጦሽና ማገዶ የከለከለ፣ በምትኩ ግን የሰጠው ነገር የሌለ ተቋም ተደርጎ ይታይ ነበር። የአርሶ አደሩን ገብስ የሚበላው አጋዘን የመንግሥት ንብረት ነው ሲባል፣ የመንግሥት ኃይል በተጓደለ ጊዜ እንስሳው ያለ ጠባቂ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ የአጋዘኑ ምስል ያለበት 10 ሳንቲም በሁሉም ኪስ ውስጥ የነበረ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው። በገንዘብ ላይ መቀረጹ ለእንስሳው ከለላ አልሆነውም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የአንድ ብሔራዊ መለያ ክብር የሚጸናው ከመለያው ጋር አብሮ የሚኖረው ሕዝብ የጥቅሙ ተካፋይ ሲሆን ነው። ይህ ባልሆነበት ሁኔታ አዋጅም ሆነ ጥበቃ ሰላም ባለበት ዘመን ብቻ የሚሠራ ይሆናል።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ ከዚያ ወዲህ በርካታ እርምጃዎች ተወስደዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 አካባቢን የመንከባከብ ግዴታ የመንግሥትና የዜጎች መሆኑን ይደነግጋል። በ1999 ዓ.ም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ወጥቷል። በ2000 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 575 ተቋቁሟል። የኦሮሚያ ክልል እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋቁሟል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2014 በደንብ የጸና ሲሆን፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም ሪያድ ላይ በተካሄደው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የአርሲ ተራሮች ፓርክ አከላለል ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የተለየ ትርጉም አለው። ፓርኩ በአንድ ላይ ያልተያያዙ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እነርሱም ጭላሎ ጋላማ፣ ካካ፣ ሁንቆሎና ዴራ ዲልፈቃር ናቸው። የመጨረሻው ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ የአዳማ ነዋሪ ወደ ፓርኩ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጉዞ ይበቃዋል። ደጋ አጋዘኑ የሚኖረው ግን በዚህ ቆላማ ክፍል ሳይሆን ከአሰላና ከበቆጂ በላይ በሚገኙት ከፍተኛ ተራሮች ነው።

የውሃው መንገድ

ጭላሎ፣ ጋላማና ካካ ከባሕር ጠለል በላይ 4000 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ያላቸው ተራሮች ናቸው። በላያቸው የሚገኘው የአስታ፣ የሣርና የረግረግ ሽፋን የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ የሚለቅ ነው። ለአጋዘኑ መጠለያና መኖ የሆነው ይኸው ሽፋን ለታች ቆላው የውሃ ማቆያ ሆኖ ያገለግላል።

ከእነዚህ ተራሮች የሚነሳው የካታር ወንዝ ወደ ደምበል ሐይቅ ይገባል። ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ዋና ዋና ወንዞች አንዱ እርሱ ሲሆን፣ ሌላው ከጉራጌ ተራሮች የሚመጣው የመቂ ወንዝ ነው። ከደምበል የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ወደ አብጃታ ሐይቅ ይፈሳል። በሌላ በኩል ከአርሲ ደጋ የሚነሳው የቀለጣ ወንዝ ከአዳማ በታች ወደ አዋሽ ይቀላቀላል።

በዚህ የውሃ ሰንሰለት ላይ የተንጠለጠለው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ቀላል አይደለም። በባቱ ዙሪያ የአበባ እርሻዎች፣ የወይን ተክልና የአነስተኛ አርሶ አደሮች የመስኖ አትክልት ይገኛሉ። የመቂና የባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም በአዳማ በኩል እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም የተቋቋመው የአካባቢውን ምርት በማቀነባበር ዋጋ እንዲጨምር ለማድረግ ነው። የከተሞቹ የመጠጥ ውሃ፣ የዓሣ ሀብትና የሐይቅ ዳር መዝናኛዎችም ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የሰንሰለቱ መጨረሻ የሆነው አብጃታ ሐይቅ ከላይ የሚደረግ ነገር ታች ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። ወደ ሐይቁ የሚደርሰው ውሃ በመስኖ ምክንያት ሲቀንስና ከራሱም ውሃ ለሶዳ አሽ ምርት ሲወሰድ ዳርቻው በእጅጉ ሸሽቷል። ዓሣው ጠፍቷል፤ ዓሣውን ተከትለው ይመጡ የነበሩ አእዋፍም ርቀዋል። በደምበል ላይ ተመሳሳይ ሁኔታ እንዳይደርስ የሚፈለግ ከሆነ የሚጠጣውን ውሃ መጠን መቆጣጠር ብቻውን በቂ አይሆንም። ውሃው የሚመነጭበትን ተራራ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በተራሮቹ ላይ ያለው ጫና ከዓመት ዓመት እየበረታ መጥቷል። አርሲና ባሌ የስንዴና የገብስ አገር ናቸው። የሕዝብ ቁጥር ሲጨምርና የእርሻ መሬት ሲጠብ ማሳው ወደ ላይ ይወጣል። ለአሰላ ብቅል ፋብሪካና ለቢራ ኢንዱስትሪው የሚፈለገው ገብስም በደጋው የሚመረት ነው። በዚህ ላይ የከብት ግጦሽ፣ ለማገዶ የሚቆረጠው አስታና እሳት ሲጨመሩ የአጋዘኑ ይዞታ እየተበጣጠሰ፣ መንጋውም በተራራ ጫፍ ላይ እየተገለለ ይሄዳል።

አርሶ አደሩን በዚህ ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። በደጋው የሚቃጠለው እንጨትና የሚመረተው እህል ከፊሉ ለከተማ ገበያ የሚቀርብ ነው። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ መስመር በመንገድ ዳር ተደርድሮ የሚሸጠው ከሰል ገዢው የከተማ ሰው ነው። የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ እስከ ባቱ ያለው ክፍል አገልግሎት ከሰጠ ወዲህ ገበያው ይበልጥ ተቀራርቧል። መንገድ ለአትክልት አምራቹ የሚያመጣውን ጥቅም ያህል፣ ቁጥጥር ካልታከለበት ለደን ውጤት ሕገ ወጥ ንግድም መንገድ ይከፍታል።

ከእንስሳው የሚገኘው ገቢ

ደጋ አጋዘኑ ገቢ የሚያስገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቁጥጥር ሥር የሚካሄድ አደን ሲሆን፣ ሌላው የጎብኝዎች ቱሪዝም ነው።

በኢትዮጵያ ለውጭ አገር አዳኞች ከሚፈቀዱ እንስሳት መካከል የደጋ አጋዘን ከፍተኛ የፈቃድ ክፍያ ከሚጠየቅባቸው አንዱ ነው። ከሻሸመኔና ከአርሲ ነገሌ በላይ የሚገኘው የሙኔሳ ኩኬ ክልልና በአርሲ የሚገኘው የአርባ ጉጉ ክልል ለዚሁ አገልግሎት ከተለዩት ውስጥ ይጠቀሳሉ። አሠራሩ በትክክል ከተመራ ዕድሜያቸው የገፋ ጥቂት ወንዶችን በማስወገድ ደኑ ሳይመነጠር ገቢ ያስገኛል። ይህን የሚደግፉ ወገኖች ገቢ የማያስገኝ ደን ወደ እርሻ የመለወጡ ዕድል ሰፊ መሆኑን ይጠቅሳሉ።

የሚቃወሙት ደግሞ ቁጥሩ የተመናመነ እንስሳ በገንዘብ ተለክቶ መገደል እንደሌለበት ያነሳሉ። በሁለቱም ወገን ያሉትን የሚያስማማው ነጥብ ግን አለ። ይኸውም የአደን ኮታ በአስተማማኝ ቆጠራ ላይ ካልተመሠረተና ከገቢው የሚገኘው ድርሻ ከደኑ ጋር ለሚኖረው ቀበሌ በግልጽ ካልደረሰ አሠራሩ ዓላማውን ይስታል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት በሥሩ ያሉትን ደኖች ከአካባቢው ማኅበረሰብ ጋር በጋራ የማስተዳደር አሠራር መከተሉ በዚህ አቅጣጫ የሚታይ ጅምር ነው።

የቱሪዝሙ አማራጭ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች የበለጠ ይቀርባል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ባሌ የሚሄድ ጎብኚ በአዳማና በአሰላ ወይም በባቱና በሻሸመኔ በኩል ማለፉ አይቀርም። አዳማ በስብሰባ አዳራሾቿና በሆቴሎቿ ከታወቀች ቆይታለች። ወደ ከተማዋ ለስብሰባ የሚመጣው እንግዳ ግን በአብዛኛው ከአዳራሽ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ መናኸሪያ ተመላልሶ ይመለሳል። ለአንድ ቀን ጉብኝት የሚመቹት ዴራ ዲልፈቃርና የጭላሎ ተራሮች በከተማዋ የእንግዳ አቀባበል ዕቅድ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ ቢያገኙ፣ የሆቴል አልጋ፣ የመኪና ኪራይና የአስጎብኝ ሥራ በአንድ ላይ ይጨምራሉ።

በዚህ ረገድ የቻይና ልምድ ሊጠቀስ ይችላል። አገሪቱ ፓንዳን የሚያሳዩ የብር ሳንቲሞችን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ለሰብሳቢዎች በየጊዜው ስታቀርብ ቆይታለች። በጎን ደግሞ የፓንዳውን ደን በስፋት ከልላ፣ የተመነጠረውን መልሳ አልምታለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ፓንዳን የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች ምድብ ወደተሻለ ደረጃ አሸጋግሮታል። ውጤቱን ያመጣው ሳንቲሙ አይደለም፤ በመለያው ላይ የሚወጣው ገንዘብና በደኑ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ጎን ለጎን መሄዳቸው ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው

ከላይ የተዘረዘሩት ነጥቦች ሲጠቃለሉ የደጋ አጋዘን ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት ትከሻ ላይ የሚጣል አለመሆኑን ያሳያሉ። ፓርኩን የሚጠብቀው አካል በተራራው ጫፍ ላይ ሲሠራ፣ ችግሩ የሚፈጠረው በአብዛኛው ከተራራው በታች በሚሰጥ ውሳኔ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች በአርሲ ተራሮች የተከለለውን የፓርክ ወሰን ከይዞታ ማረጋገጫ ሥራቸው ጋር ማናበብ ይጠበቅባቸዋል። በወረቀት የተከለለ መሬት በሌላ ወረቀት ለእርሻ የሚሰጥ ከሆነ አርሶ አደሩም ሆነ እንስሳው ተጎጂ ይሆናሉ። ወሰኑ በቦታው ላይ በምልክት ታይቶ፣ ከነዋሪው ጋር ስምምነት ተደርሶበት ሲጸና ክርክሩ ይቀንሳል።

ሁለተኛው የውሃ ዘርፉ ድርሻ ነው። ከደምበልና ከወንዞቹ ውሃ ለሚጠቀሙ እርሻዎችና ፋብሪካዎች የሚሰጠው ፈቃድ የተፋሰሱን የላይኛውን ክፍል ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው ወጪ ጋር የሚተሳሰርበት አሠራር ቢዘረጋ፣ በታች የሚገኘው ተጠቃሚ ለላይኛው ጠባቂ ድርሻውን ይከፍላል። ይህም ገብስ ከመዝራት ይልቅ አስታውን ማቆየት ለደጋው ነዋሪ የሚያዋጣበትን ሁኔታ ያመቻቻል።

ሦስተኛው የግብርና ዘርፉን ይመለከታል። ለብቅል ገብስም ሆነ ለስንዴ የተያዘው የምርት ግብ በነባሩ ማሳ ላይ ምርታማነትን በማሳደግ እንጂ ማሳውን ወደ ተራራው በመግፋት መሳካት የለበትም። በወረዳዎች የሥራ ሪፖርት ላይ የታረሰ ሄክታር ብዛት እንደ ስኬት ብቻ ሲመዘገብ፣ የታረሰው መሬት ከየት እንደመጣ አብሮ መጠየቅ አለበት።

አራተኛው የከተማ አስተዳደሮች ኃላፊነት ነው። የከተሞች የማገዶ ፍላጎት በኤሌክትሪክና በተሻሻሉ ምድጃዎች እንዲተካ የሚደረገው ጥረት የንግድና የኃይል ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በኬላዎች ላይ የሚደረገው የከሰልና የእንጨት ቁጥጥርም ገቢ ከመሰብሰብ ባለፈ የምርቱን ምንጭ ማረጋገጥን ዓላማው ማድረግ ይኖርበታል።

ከሁሉም በላይ በየጊዜው የሚካሄድና ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ የሚደረግ የእንስሳት ቆጠራ ያስፈልጋል። የአደን ኮታም ሆነ የጥበቃ በጀት ያለ ቁጥር በግምት ሊወሰን አይገባም።

በዋጋ ንረት ምክንያት 10 ሳንቲሙ ዛሬ በገበያ ላይ ከሞላ ጎደል አይታይም። በርካታ ወጣቶች የአጋዘኑን ምስል በእጃቸው ይዘው አያውቁም። በ1970 ዓ.ም የተመታው ባለ 25 ብርም በአብዛኛው በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ሣጥን ውስጥ ይገኛል። መለያው ከኪስ በወጣበት በአሁኑ ወቅት እንስሳውን ለቀጣዩ ትውልድ ማሳየት የሚቻለው በተራራው ላይ በሕይወት ከቆየ ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ በአዳማ፣ በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በሚገኙ ቢሮዎች በየዕለቱ የሚፈረሙ የመሬት፣ የውሃና የፈቃድ ሰነዶች ውጤት ይሆናል። በደጋው የሚጠበቀው አስታ በበጋ ወደ ካታርና ወደ ቀለጣ ወንዞች የሚወርድ ውሃ በመሆኑ፣ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አጋዘኑን ሲጠብቁ የሚጠብቁት የራሳቸውን ቧንቧና የራሳቸውን ማሳ ጭምር መሆኑን መገንዘብ ይገባል።